ሰው የሚፈልገው ቃል

ሚስ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ደውላ፣ «እትዬ ወርቄ፣ ስልክዎን ያገኘሁት ገና ዛሬ ነው። አክስቴ ዐርፈዋል። ሳናረዳዎ በመቅረታችን ይቅር ይበሉን» አለችኝ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ከጀሞ በሚኒባስ ወደ ነፋስ ስልክ ሄድኩ።

ስደርስ ድንኳኑ ፈርሷል። ቤት ውስጥ ካገኘኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ የማላውቃቸው ወጣቶች ነበሩ። ስለ ሟቿ ስናወራ አንዱ፣ «ዝምተኛ ሴትዮ ነበሩ» አለኝ። ሌላው፣ «ድሮ ታይፒስት ነበሩ አሉ» ብሎ ጨመረ። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ግን ሚስ አስካለን የማስታውሳቸው በአንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም፣ ለሰው ሲያወሩት ይገርማል እንጂ፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጥያቄ ነበር።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ከነፋስ ስልክ ወደ ላፍቶ ሲወረድ አንድ የሚስማር ፋብሪካ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ሕንፃ ተደርድሮበት ምልክቱም የለም። ያኔ ከፋብሪካው አጥር ወዲያ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። በመኸር ወቅት ማሽኑ ፋታ ባገኘ ቁጥር ገበሬዎቹ በሬ እያበራዩ የሚያዜሙት ይሰማናል። እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ ማሸጊያ ክፍል ተቀጠርኩ። ሥራችን ሚስማሩን እየመዘንን በሳጥን ማሸግ ነበር። ቤቴ ገብቼ እጄን በሳሙና ብፈትገው፣ ብፈትገው የዘይቱ ሽታ አይለቀኝም።

ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ዶብሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ እኛን የሚያዘን አቶ ዘለቀ ነው። «ካፖ ዘለቀ» እንለዋለን፤ ያኔ የሠራተኛ አለቃ የሚጠራው ከጣልያን በቀረው በዚህ ቃል ነበር። ካፖ ዘለቀ በወጣትነቱ ለእንግሊዝ ወታደሮች መኪና ነድቶ ስለነበር በጆሮው የለቃቀመው እንግሊዝኛ ነበረው፤ አለቃው ፊት ሲቆም እሱን ብቻ ነበር የሚናገረው። ሚስ አስካለ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነበሩ። ታይፕ ሲመቱ ድምፁ በማሽኑ ጩኸት መሃል ሾልኮ እኛ ድረስ ይመጣል።

ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጠይም ሴት ነበሩ። የአባታቸውን የወንድ ሰዓት ያስሩ ነበር፤ ማሰሪያው ስለሚሰፋቸው ታይፕ ሊመቱ ሲሉ ወደ ክርናቸው ገፋ ያደርጉታል። ጥርሳቸውን ስለሚያማቸው ቅርንፉድ ከአፋቸው አይለይም። አባታቸው ሐረር ውስጥ ቱርጁማን፣ ማለትም አስተርጓሚ፣ ነበሩ፤ እሳቸውም እዚያው ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። «አባቴ እንደሚሉት» ይሉን ነበር፣ «ቱርጁማን የሚያጠፋው ቃል ሲጨምር ብቻ አይደለም። ሲያለሰልስም ያጠፋል።»

እንግሊዝኛ አስተምሩን ያልናቸው እኛው ነን። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ነው። ግድግዳው ላይ የሚወጣው ማስታወቂያም በእንግሊዝኛ ነው። ሰው ከሥራ ሲሰናበት የሚሰጠው ወረቀት እንኳ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ መባረሩን የሚያውቀው ሌላ ሰው አስነብቦ ነው። አንድ ቀን ሽቦ መቁረጫው ማሽን ላይ የሚሠራው ባልቻ ቢሯቸው ገብቶ፣ «ሚስ፣ ሌላው ቢቀር መባረራችንን ራሳችን እናንብበው» አላቸው። ሳቁና እሺ አሉ።

ባልቻ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነው። የአባቱ ማሳ ከፋብሪካው አጥር ጋር ይዋሰን ነበር። ከፋብሪካ ሲወጣ እርሻ ይገባል፤ በዚያ ላይ ሚስትና ልጅ አለው። ታዲያ ሲስቅ ያ ሁሉ ድካም ፊቱ ላይ አይታይም። አማርኛውን ያገኘው ገበያ ላይ ነው፤ ኦሮምኛው የቤቱ ቋንቋ ነው። ሦስተኛ ቋንቋ ሲጨመርበት ከሁላችንም ቀድሞ ይገባው ነበር።

ከሥራ ስንወጣ መጋዘኑ ውስጥ ባዶ ሳጥን ላይ እንቀመጣለን። ሰሌዳችን በጥላሸት የጠቆረ የሳጥን ክዳን ነበር። ሚስ አስካለ ስንሳሳት «ስሕተት ነው» አይሉም፤ «መልሰሽ አምጪው» ነው የሚሉት። ጥያቄ ከጠየቁ ደግሞ ዝም ነው። እጃቸውን አጣጥፈው፣ የመጋዘኑን ጣራ እያዩ ይጠብቃሉ። ያን ያህል ዝም ማለት የሚችል አስተማሪ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እኛ ግን ጭንቅ ይለናል፤ አንዳችን ከዚያ ጭንቅ ለመውጣት ሲል ያገኘውን ይመልሳል። «ጠይቆ ራሱ የሚመልስ ሰው አልጠየቀም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፉ። አንዱ «ሴይ»፣ አንዱ «ቴል»።

አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ፈጠን ብላ፣ «ሁለቱም መናገር ነው» አለች።

«ሁለቱም መናገር ከሆነ እንግሊዞች ለምን ሁለት አደረጉት?»

ዝም አልን። እሳቸውም ጣራቸውን አዩ። ኋላ ግን አዘኑልን መሰለኝ፣ «እሺ፣ በአማርኛ ልጠይቃችሁ» አሉ። «‹ዝናብ ሊመጣ ነው አለ› እና ‹ዝናብ ሊመጣ መሆኑን ነገረኝ›። ምን ይለያቸዋል?»

ባልቻ አንገቱን አከከ። «‹አለ› ከሆነ ለራሱም ብሎት ይሆናል። ለበሬውም ብሎት ይሆናል።»

ሳቅን።

«አትሳቁ። ቀጥል ባልቻ።»

«‹ነገረኝ› ካለ ግን እኔ አለሁበት። በእኛም እንዲሁ ነው። ‹ጄዴ› ማለት አለ ነው። ‹ናቲ ሂሜ› ማለት ነገረኝ ነው። ‹ናቲ› እኔ ነኝ። እኔ ከሌለሁ እሷም የለችም።»

ሚስ አስካለ ጠመኔውን አስቀምጠው በሁለት እጃቸው አጨበጨቡ። «ከዚህ የሚበልጥ ነገር መጽሐፉም አልጻፈም» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው አፍታቱልን። ሴይ የሚያየው የተባለውን ነገር ነው፤ ቴል የሚያየው የሚሰማውን ሰው ነው። ስለዚህ ከሴይ ቀጥሎ ንግግሩ ይመጣል፤ ከቴል ቀጥሎ ሰው ይመጣል። ሴይ ሰው ካስፈለገው «ቱ» በምትባል ትንሽ ድልድይ ያሻግረዋል፤ «ሴይ ቱ ሚ» ይባላል። ቴል ግን ድልድይ አይወድም፤ «ቴል ሚ» ብሎ ፊት ለፊት ነው። ያለፈ ጊዜ ሲሆን ሴይ «ሴድ» ይሆናል፤ ቴል «ቶልድ» ይሆናል። ሰውየው ከአፉ ያወጣውን ቃል እንዳለ ለማምጣት ሲፈለግ ሴይ ይቀናዋል፤ «እንዲህ አድርጊ ብሎ አዘዘኝ» ለማለት ግን ቴል ነው።

እኔ ተነሥቼ «ሂ ሴድ ሚ» አልኩ።

«መልሰሽ አምጪው ወርቄ። ያለ ድልድይ ወንዝ ገባሽ።»

ሌላው «ሂ ቶልድ» ብሎ ዝም አለ።

«ማንን? ቴል ጾሙን አያድርም፤ ሰው ስጠው እንጂ!»

እንዲህ እያልን ስንስቅ ባልቻ እጁን አወጣ። «ሚስ፣ ሚስተር ዶብሰን ሚስማር ጎደለ ብሎ ሲጮህብን ‹ቴል ዘ ትሩዝ› ይላል። እውነቱን ተናገሩ ማለቱ ነው አይደል? ታዲያ ሰውየው የታለ?»

ሚስ አስካለ ቅርንፉዳቸውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልክ ነህ» አሉ። «እውነትና ውሸት፣ ተረትና ሰዓት ከቴል ጋር ሲሆኑ ያለ ሰውም ይሄዳሉ። ልጅ ሆኜ ለምን ብዬ ጠይቄ ‹እንዲሁ ነው› ተባልኩ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። እንዲሁ ነው።»

አስተማሪ «አላውቅም» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው መጀመሪያ። እስከዚያ ድረስ አስተማሪ የሚሆነው ሁሉን ያወቀ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ይህ ነገር ማሸጊያ ክፍላችንም ገባ። ሴቶች ተሰብስበው እየሠሩ ወሬ መቼም አይጠፋም። «እገሊት እኮ እንዲህ አድርጋ ተባለ» ሲባል አንዷ ቀበል ታደርግና «ማን ለማን ነገረ?» ትላለች። ያወራችው ሴት አፏን ትይዛለች። አንዳንዱ ወሬ ባለቤት ሲያጣ እዚያው ሚዛኑ ላይ ይሞታል። ይህን ለሚስ አስካለ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ቆየት ብለው ግን፣ «ተባለ የሚል ሰው ሁልጊዜ ሐሜተኛ አይደለም። አንዳንዴ የፈራ ሰው ነው» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም።

አደጋው የደረሰው መስከረም ጠብቶ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሽቦ መቁረጫው ማሽን በአንድ ረጅም እጀታ ነው የሚቆመው። ባልቻ ሽቦ ተጣሞ ስለያዘበት እጀታውን ሳበ፤ ማሽኑም ቆመ። እኔ ሳጥን ልወስድ መጥቼ አጠገቡ ነበርኩ፤ ጩኸቱ ጸጥ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሽቦውን ሊያቃና እጁን አስገባ። በዚያች ቅጽበት እጀታው ማንም ሳይነካው ተመልሶ ወደቀና ማሽኑ ተነሣ።

ባልቻ አልጮኸም። «አጥፉት» ብቻ አለ። የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሻሼን ፈትቼ እጁን ጠመጠምኩለት። ካፖ ዘለቀ ከወዲያኛው ጥግ ሮጦ መጥቶ እንደ ሕፃን ተሸክሞት ወደ ጭነት መኪናው ወሰደው፤ ሸሚዙ በሙሉ ደም ሆነ። የባልቻን የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች ሐኪም ቤት ቆረጧቸው።

በፋብሪካው ልማድ በራሱ ጥፋት የተጎዳ ሠራተኛ ያለ ምንም ነገር ይሰናበታል። የማን ጥፋት እንደሆነ የሚወስነው ሚስተር ዶብሰን ነው። ባልቻ ከሐኪም ቤት ሲወጣ አንድ ጠዋት ቢሮው ተጠራን፤ ባልቻ እጁን በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ካፖ ዘለቀ ቆቡን ይዞ፣ እኔ ምስክር ሆኜ። ሚስ አስካለ ከታይፑ ፊት ተቀምጠዋል። ሥራቸው የእኛን ቃል ማስተርጎምና የተባለውን መጻፍ ነበር።

መጀመሪያ እኔ ተጠየቅኩ። ማሽኑ ቆሞ እንደነበር፣ እጀታው ራሱ እንደወደቀ ተናገርኩ። ሚስ አስካለ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ሳያለሰልሱ ተረጎሙ። ቀጥሎ ሚስተር ዶብሰን ወደ ካፖው ዞሮ የእጀታውን ብልሽት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው።

ካፖ ዘለቀ ቆቡን በእጁ አዞረ። እንደ ልማዱ በእንግሊዝኛ መለሰ። «አይ ሴድ፣ ሰር» አለ። እጀታው ልክ እንዳልሆነ፣ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ተናግሬ ነበር ማለቱ ነው። ደግሞ «አይ ሴድ» አለ።

ሚስተር ዶብሰን እፎይ ያለ መሰለ። ወደ ሚስ አስካለ ዞሮ፣ «ጻፊ። ሠራተኛው ስለ ብልሽቱ ተነግሮት ነበር» አላቸው። በእንግሊዝኛ ሲለው «ቶልድ» የምትለዋን ቃል እኔም ለይቼ ሰማኋት።

ባልቻ አየኝ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም መጋዘኑ ውስጥ ሳጥን ላይ የተቀመጥን ያህል ሆነን ሚስ አስካለን አየናቸው።

እጃቸው ታይፑ ላይ ቆሟል። «ይቅርታ ጌታዬ» አሉ በእንግሊዝኛ። «አቶ ዘለቀ ያሉት ‹ሴድ› ነው። እርስዎ ጻፊ የሚሉኝ ‹ቶልድ› ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የቱን ልጻፍ?» ከዚያ ወደ ካፖው ዞረው በአማርኛ፣ «አቶ ዘለቀ፣ ለማን ነው የነገሩት?» አሉት።

ካፖው አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። ዐይኑ ወደ ሚስተር ዶብሰን ሄደና ተመልሶ መሬት ላይ ወደቀ። የሚስተር ዶብሰን ፊት እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ልዩነት የለውም! ያልኩሽን ጻፊ!» ብሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው።

እኔ የካፖው ዐይን ወዴት እንደሄደ አይቻለሁ፤ መልሱ ወዴት እንደሚያመራ ገብቶኛል። ሚስ አስካለም ያዩትን አይተዋል። ታይፑን አልነኩም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ።

«አቶ ዘለቀ፣ ለማን ነው የነገሩት?»

ጣራውን አዩ። ዝም አሉ። እኛ የምናውቀው ያ ዝምታ ነበር፤ ብቻ ያን ቀን ሁሉም ሰው ክፍሉ ውስጥ ተማሪ ሆነ። ከውጭ ማሽን ሲጮህ ይሰማል። ባልቻ በደህናው እጁ ፋሻውን ይነካካል።

ካፖ ዘለቀ ፋሻውን ብዙ አየው። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ «አይ ቶልድ ዩ፣ ሰር» አለ።

ለአንተ ነው የነገርኩህ ማለቱ ነው። ከዚያ እንግሊዝኛው አለቀበትና በአማርኛ ቀጠለ። «ለእሱ ነው የነገርኩት። መለዋወጫው እስኪመጣ ማሽኑ እንዳይቆም ብሎ አዘዘኝ። ለባልቻ አልነገርኩትም። ብነግረው አልሠራም ይላል፣ ማሽኑ ሲቆም ደግሞ እኔ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ባልቻ፣ አልነገርኩህም።»

ሚስ አስካለ ይህንንም እንደወረደ ተረጎሙት። አንድ ቃል አልዘለሉም። ሚስተር ዶብሰን መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ብዙ ቆይቶ፣ «ውጡ» አለ። ስንወጣ የታይፑ ድምፅ ጀመረ።

ባልቻ አልተባረረም። የሕክምናውን ወጪ ፋብሪካው ቻለ፤ እሱም መጋዘን ጠባቂ ሆነ። ማሽኑ ቆሞ እጀታው ተጠገነ። ካፖ ዘለቀ ላይ ምን ይመጣ ይሆን ስንል ሚስተር ዶብሰን አልነካውም። ምናልባት የራሱን ጥፋት ለሌላ ሰው መስጠት አልሆነለት ይሆናል፤ ክፉ ሰው ነበር ልል አልችልም። ሚስ አስካለን ግን ከዚያ ወዲህ ማየት አቃተው። ወሩ ሲያልቅ፣ ሌላ ጸሐፊ ከውጭ እንደሚመጣ ነግሮ አሰናበታቸው። የስንብት ደብዳቤያቸውንም እያናበበ ያስመታው እሳቸውን ራሳቸውን ነው። እሳቸው ይህን ሲያወሩ የሚገርማቸው ነገር ሌላ ነበር፤ «ፈረንጁ አንዲት ስሕተት ሠርቶ ነበር፣ አርሜ መታሁለት» ይሉ ነበር።

ትምህርታችን ግን አልቆመም። ነፋስ ስልክ ያለችው አንድ ክፍል ቤታቸው እሑድ ከሰዓት እንሰበሰብ ጀመር። ትንሿ የእህታቸው ልጅ መደቡ ጥግ ተቀምጣ ከእኛ ጋር ትደግማለች። ሚስ አስካለ በየቀኑ ማመልከቻ በታይፕ እየመቱ ይኖሩ ነበር፤ ኑሯቸው ከበፊቱ መጥበቡን ወንበሮቹ ሲያንሱ አየን እንጂ ከአፋቸው አልሰማንም።

አንድ እሑድ ትምህርት መሃል በሩ ጨለም አለ። ካፖ ዘለቀ ነበር። የክት ኮቱን ለብሷል፤ ቆቡን እንደዚያ ቀን ደረቱ ላይ ይዟል። አንዳንዶቻችን ፊታችንን አዞርን።

«ደህና ዋሉ አቶ ዘለቀ» አሉ ሚስ አስካለ። «ምን ልርዳዎ?»

«ልማር ነው የመጣሁት» አለ። «እስከ ዛሬ በጆሮዬ እየለቀምኩ ነው የኖርኩት። ከፊደሉ ልጀምር። እምቢ ካሉኝም እመለሳለሁ።»

ሚስ አስካለ ወደ እኛ ዞሩ። መልሱን ለእኛ የተዉት መሰለኝ። በኋላ ባልቻ ተነሣ። በግራ እጁ አግዳሚውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ፣ ጠጋ አለ፣ የተከፈተውን ቦታ ሁለት ጣት በጎደለው እጁ መታ መታ አደረገና፣ «ካፖ፣ እዚህ ይቀመጡ። እዚህ ይታያል» አለ። ካፖ ዘለቀ መጥቶ ተቀመጠ። ትምህርቱ ከቆመበት ቀጠለ። ባልቻ ያን ጊዜ በግራ እጁ መጻፍ እየተማረ ነበር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ፊደላቸውን እኩል ሲያጣምሙ ማየት ለእኔ የዚያ ዓመት ትልቁ ነገር ነበር። ካፖ ዘለቀ እስከ ዓመቱ ማለቂያ አንድ እሑድ አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ኑሮ ሁላችንንም በየአቅጣጫው በተነን። እኔ አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ሥራ ለወጥኩ። ሚስ አስካለ አላገቡም። የእህታቸውን ልጅ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አበቁ። በዓል ሲመጣ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከማረፋቸው አንድ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጆሯቸው ትንሽ ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን ንጹሕ ነበር። ስንጫወት ዘመኑን ሁሉ በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ጠየቅኳቸው።

«ሚስ፣ ያን ቀን አልፈሩም?»

«የቱን ቀን?»

«በባልቻ ጉዳይ ቢሮ የተጠራን ቀን።»

እጃቸውን አወናጨፉ። «ኤዲያ፣ ወርቄ! ሰው ሁሉ ጀግና አደረገኝ። እኔ እኮ የቱን ቃል እንደምጽፍ የእውነት አላወቅሁም ነበር። ዘለቀ ‹ለሁሉም ነግሬያለሁ› የሚለኝ መስሎኝ ነው የጠየቅኩት። መልሱ ሚስተር ዶብሰን ጋ እንደሚሄድ ባውቅ ኖሮ ትንፍሽ አልልም። ልጅ የማሳድግበት ደመወዝ ነበር።»

«ግን ደግመው ጠየቁት እኮ።»

«ማንን?»

«አቶ ዘለቀን። መጀመሪያ ሲጠይቁት ሚስተር ዶብሰን ጠረጴዛውን መትቶ ‹ጻፊ› ብሎ ጮኸ። ያኔ ነገሩ ለእኔ እንኳ ገብቶኛል፣ ለእርስዎ እንዴት አይገባዎትም? ከዚያ በኋላ ነው እጅዎን አጣጥፈው እንደገና የጠየቁት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እንደገና?»

«እንደገና።»

«እኔ የማስታውሰው አንዴ ብቻ ነው» አሉ።

ወንበሬን አስጠግቼ፣ ጆሯቸው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ፊቱ እንዴት እንደቀላ፣ ታይፑ እንዴት ዝም እንዳለ፣ እሳቸው ጣራውን እንዴት እንዳዩ። የማያውቃትን ሴት ታሪክ እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ። ስጨርስ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ።

«አይ ያቺ ሴትዮ!» አሉ። «የምታሳድገው ልጅ እያላት እንዴት ደፈረች?»